«ስኳር አለብኝ» ብሎ ለሰው እንዴት ይነገራል? ከመጀመሪያው ሰው እስከ ማኅበር ቤት

በክትትል ቀን ጠዋት ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ፣ በቅርቡ ስኳር እንዳለበት የተነገረው ሰው ያስታውቃል። ካርዱን ገልብጦ ነው የሚይዘው። ትንሽ ካወራን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀኛል፦ «አንተ ለሰው ነግረሃል? ምን ብለህ ጀመርክ?» ስለ መርፌው ከሚጠይቀኝ ይልቅ ይህን የሚጠይቀኝ ይበዛል። እኔ ኢንሱሊን መውጋት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ለእያንዳንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ስመልስ ከርሜ፣ አሁን በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እውነት ነው። ግን ለማን፣ መቼ፣ ምን ተብሎ እንደሚነገር ተረቱ አይነግረንም። እኔ የተማርኩት በአንድ መጥፎ ጠዋት ነው። እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስንመጣ ስኳሬ፣ ማለት በደሜ ውስጥ ያለው ስኳር፣ ከልክ በታች ወረደ። ላብ አጠመቀኝ፣ ምላሴ ተሳሰረ። አጠገቤ የተቀመጠው አራት ዓመት አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬ ነበር። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም እሱ ስለ እኔ ይቅርታ ይጠይቅልኛል፦ «ይቅርታ አድርጉለት፣ ማታ ቀማምሶ ነው።» ከረሜላው ኪሴ ውስጥ ነበር። እሱ አያውቅም፣ እኔ መናገር አቅቶኛል። ስንወርድ ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት ፊቴን አይታ ስኳር የበዛበት ሻይ ባትሰጠኝ ኖሮ ምን እንደምሆን እንጃ። በጓደኛዬ ቅር አልተሰኘሁም። ምን ማድረግ እንዳለበት አልነገርኩትማ!

ከዚያ ወዲህ ለሰው ስናገር አብሬ ሥራ እሰጣለሁ። ምን እንደሚያደርግ የተነገረው ሰው ለመደንገጥ ጊዜ አያገኝም። ለተናጋሪውም አደራ እንደመስጠት ስለሚሆንለት አፉ ቶሎ ይፈታል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተሠሩት በዚህ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በትንሽ ፌስታል የተቋጠረ። ከረሜላም ይሆናል። ግማሽ ጠርሙስ ኮካ ወይም ሚሪንዳም ይሠራል። «ዜሮ» የተጻፈበት ለስላሳ ግን ስኳር ስለሌለው አይጠቅምም።
- ኪስ ውስጥ የሚገባ ካርቶን። በላዩ ላይ ስማችሁ፣ «ስኳር አለብኝ» የሚል በትልቁ፣ የመድኃኒታችሁ ስም፣ የሁለት ሰው ስልክ።
- የስኳር መለኪያ፣ ካላችሁ።
- ማንም የማይገባበት ግማሽ ሰዓት።

ስኳር በድንገት የሚወርድባቸው በተለይ ኢንሱሊን የሚወጉና እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አያወርድም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ደረጃ 1 ላይ ትጠይቃላችሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ራሳችሁ እወቁት

ለሰው ከመናገራችሁ በፊት የራሳችሁን ስኳር በሦስት መስመር ጻፉ። ዓይነቱ ምንድን ነው? መድኃኒቱ ምንድን ነው? የሚያሰጋችሁ መውረዱ ነው ወይስ ከፍ ማለቱ? ካላወቃችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ወይም ነርሷን ጠይቁ። አትፈሯቸው፣ ሥራቸው ነው።

ይህን የምናደርገው ሰው ወዲያው ጥያቄ ስለሚያስከትል ነው። በጎንደር ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሦስቱ ዘወትር ይመጣሉ።

«ይተላለፋል?» አይተላለፍም። በአንድ ትሪ መብላት፣ በአንድ ብርጭቆ መጠጣት፣ አብሮ መተኛት ምንም አያመጣም።

«ስኳር ስለምትወድ ነው?» ዓይነት 1 ከሆነ ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ስላጠፋቸው ነው፤ ስኳር በመብላት የመጣ አይደለም። ዓይነት 2 ላይ ዘር፣ ዕድሜ፣ ክብደትና እንቅስቃሴ ማነስ ይገቡበታል። «የሀብታም በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። ከእኔ ጋር ተራ ከሚጠብቁት ውስጥ ከገጠር በእግርና በመኪና የሚመጡ ገበሬዎች ሞልተዋል።

«ይድናል?» «በመድኃኒትና በጥንቃቄ እኖርበታለሁ» በሉ። መልሱ አጭርና እውነት ነው።

ደረጃ 2፦ የምትሉትን አዘጋጁና ጮክ ብላችሁ በሉት

ንግግሩ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ምን እንዳለባችሁ፣ ምን ሊታይባችሁ እንደሚችል፣ ያ ሰው ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ። እኔ የምለው ይህ ነው፦

«ስኳር አለብኝ፤ መርፌ እወጋለሁ። አንዳንዴ ይወርድብኛል። ላብ ካጠመቀኝና ንግግሬ ከተኮላተፈ፣ ቦርሳዬ የፊት ኪስ ውስጥ ስኳር አለ፤ አፌ ውስጥ አድርግልኝ።»

ክኒን ብቻ የምትወስዱና የማይወርድባችሁ ከሆናችሁ ሥራው ሌላ ነው፦ «ስኳር አለብኝ። ቀጠሮዬ እንዳያልፈኝ አስታውሺኝ። እግሬ ላይ ቁስል ካየሽ ዝም አትበይኝ።»

ቤት ውስጥ፣ ብቻችሁን፣ አምስት ጊዜ በድምፅ በሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነገር ጉሮሮ ላይ ይተናነቃል፤ የሚተናነቀው እዚያው ቤት ይለቅ። ሰው የሚደነግጠው ከቃሉ በላይ በድምፃችን ነው። እንደ መርዶ ብትነግሩት እንደ መርዶ ይሰማዋል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያውን ሰው በሰዓት ምረጡ

ወረቀት አውጡና ቀናችሁን ጻፉ፦ ሌሊት፣ የጠዋት መንገድ፣ ሥራ፣ ማታ። በየአንዳንዱ ጎን አጠገባችሁ ያለው ማን እንደሆነ ጻፉ። ስሙ ብዙ ጊዜ የተጻፈው ሰው የመጀመሪያችሁ ነው።

አብዛኛው ሰው «በመጀመሪያ ለእናቴ» ይላል። ይገባኛል። ግን እናታችሁ ደንቢያ፣ እናንተ ማራኪ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ከሆናችሁ፣ ሌሊት ስኳር ሲወርድ አፋችሁ ላይ የምትደርሰው ከላይኛው አልጋ የምትተኛዋ ልጅ ናት። ቅድሚያ ለእሷ። ለእናት በሚቀጥለው ወደ አገር ቤት ስትሄዱ፣ ፊት ለፊት ንገሩ። በስልክ አይሁን። በስልክ የሰማች እናት የምታየው ፊት ስለሌላት ሌሊቱን ሙሉ የከፋውን ስታስብ ታድራለች።

ለሁሉም የመናገር ዕዳ የለባችሁም። ወረቀቱ ላይ ስማቸው የሌለ ሰዎች ባያውቁም ምንም አይጎድልባችሁም። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ቀኑን ከሸፈነ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ቦታና ሰዓት

ገበታ ላይ አትጀምሩ፤ ሁሉም እጁን ከትሪው አንስቶ እናንተን ያያል። ስኳራችሁ ወርዶ ወይም በጣም ከፍ ብሎ እያለም አትጀምሩ። ያን ጊዜ ሰው ይነጫነጫል፣ ቃል ይጠፋዋል። በልታችሁ፣ ለክታችሁ፣ ረጋ ስትሉ ይሁን።

ለእኔ የተመቸኝ እየሄዱ ማውራት ነው። ከፒያሳ ወጥቶ የግንቡን አጥር ይዞ ቀስ እያሉ መሄድ። ጎን ለጎን ስትሄዱ ዓይን ለዓይን አትተያዩም፣ ዝምታውም አይከብድም።

ተናግራችሁ ስትጨርሱ ዝም በሉ። ያ ሰው ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። «እግዜር ይማርህ» ካለ «አሜን» በሉና ወደ ሥራው ተመለሱ፦ «አሁን ስኳሩ የት እንዳለ ላሳይህ።» ቢያለቅስም እንዲሁ። እሱን ስታጽናኑ ከቆያችሁ ዋናው ነገር ሳይነገር ትለያያላችሁ።

ደረጃ 5፦ ሥራውን አሳዩ፣ አስደግሙ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት እዚህ ላይ ነው። «ስኳር አለብኝ» ብሎ የነገረ ሰው ብዙ ነው፤ እስከዚህ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው።

ምልክቶቹን ንገሩት፦ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ የሰከረ መምሰል። በመለኪያ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው።

ነቅታችሁ መዋጥ ከቻላችሁ፦ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይስጣችሁ፤ ውኃ ከሌለ ደረቁንም ይሆናል። ከዚያ 15 ደቂቃ ይጠብቅ። ካልተሻላችሁ ወይም አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገም። ሲሻላችሁ ዳቦ ወይም እንጀራ ብሉ። ስኳሩ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ምግብ ካልተከተለው ተመልሶ ይወርዳል። ቸኮላትና ብስኩት ለመጀመሪያው እርዳታ አይሆኑም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል።

ወርዶ ይሁን ከፍ ብሎ ካላወቀ፣ ስኳር ይስጥ። ከፍ ባለው ላይ ጥቂት ስኳር ብትጨመር በዚያች ሰዓት ያን ያህል አይለውጥም። የወረደው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ያስታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ራሳችሁን ከሳታችሁ አፋችሁ ውስጥ ምንም እንዳያደርግ። ስኳር ውኃም፣ ማርም፣ ጠበልም ቢሆን ወደ ሳንባ ይገባል። በጎን ያስተኛችሁና ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዳችሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ባጃጅ ከቀረበ በባጃጅ። ክብሪትና ሽንኩርት በማሽተት ጊዜ አይጥፋ። ኢንሱሊን ደግሞ በፍጹም እንዳይወጋችሁ፤ የወረደውን የባሰ ያወርደዋል።

አሁን አስደግሙት። «በል፣ ወድቄያለሁ፤ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። ይናገር፣ እጁንም ቦርሳችሁ ውስጥ ይክተት። የሚኒባሱን ጓደኛዬን በኋላ ሳለማምደው መጀመሪያ የከፈተው የጎኑን ኪስ ነበር። ቁልፍ አወጣ፣ ደረሰኝ አወጣ፣ የተጠቀለለ ማዳበሪያ ክር አወጣ። ስኳሩን እስኪያገኝ ረጅም ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳሬ የፊት ኪስ ውስጥ ብቻውን ነው ያለው፤ ሌላ ምንም እዚያ አይገባም። ዛሬ ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣዋል።

ደረጃ 6፦ «አፈር ስሆን» ሲመጣ

በእኛ አገር ከበሽታው ይልቅ የሚከብደው ግብዣው ነው። «አፈር ስሆን ብላልኝ!» የምትል እናት ፊት ስኳር አለብኝ ብሎ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። ለዚህም መላ አለው።

*ከቀኑ በፊት ንገሩ።* ዝክር፣ ማኅበር፣ ክርስትና ካለ ባለቤቷን ቀድማችሁ አግኟት ወይም ደውሉላት። ትሪው ቀርቦ እምቢ ስትሉ ቤቷን የናቃችሁ ይመስላታል፣ ሰውም ይሰማል። ቀድማ ካወቀች ግን የእናንተ ጠበቃ ትሆናለች፤ ሌላው ሲያስጨንቃችሁ «ተዉት፣ እኔ አውቃለሁ» የምትለው እሷ ናት።

*የምትበሉትን ንገሯት።* የማትበሉትን ከዘረዘራችሁ ምን ልሥራለት ብላ ትጨነቃለች። «እትዬ፣ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ትንሽ ጎመን ካገኘሁ ጠግቤ እሄዳለሁ» በሉ። የምግብ ሰዓቱንም ጠይቋት። ማኅበር ላይ ጸሎት አለ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ገበታው ይዘገያል። መርፌ ወግቶ ምግብ መጠበቅ ስኳር ከሚጥልባቸው መንገዶች አንዱ ነው። «መርፌ ከወጋሁ ምግብ ሊዘገይብኝ አይችልም፤ ሲቀርብ ቀደም ብለሽ ጥቀሽኝ» ስትሏት ሥራ ሰጣችኋት። በእንዲህ ያለ ቀን መርፌያችሁን ስንት ሰዓት እንደምትወጉ ከሐኪማችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

*ጉርሻ።* «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ስታመጣ «ሁለቱንም ትንንሽ አድርጊልኝ» በሉ። ማንም አይቀየምም።

*ቡና።* ከመቀዳቱ በፊት «የእኔን ያለ ስኳር» በሉ። ከተቀዳ በኋላ ሲኒ መመለስ ያሳፍራል። ጤና አዳም ጣል ካደረጉበት ስኳሩ እምብዛም አይናፍቅም። ከአቦል እስከ በረካ የሚታፈሰው ቆሎና ዳቦ ግን ይደመራል፤ እሱን ቁጠሩት።

*ጠላና አረቄ።* ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው፣ በተለይ በባዶ ሆድ፣ መጠጥ ከሰዓታት በኋላ ስኳር ሊጥል ይችላል። ያኔ ደግሞ አፋችሁ አረቄ ይሸታል፤ ሰው ሰከረ ብሎ ትቷችሁ ይሄዳል። ላለመጠጣት ካልወሰናችሁ፣ አብሯችሁ ከሚጠጣው አንዱ ማወቅ አለበት።

ደረጃ 7፦ ሥራና ትምህርት ቤት

ለአለቃ አጭር ይሁን። «ስኳር አለብኝ፤ ሥራዬን አያስተጓጉልም። በዚህ ሰዓት አሥር ደቂቃ ለምግብና ለመርፌ እፈልጋለሁ፤ በወር አንድ ቀን ጠዋት ቀጠሮ አለኝ።» ቀጠሯችሁ በየስንት ጊዜ እንደሆነ በእናንተው ልክ አድርጉት። የምትፈልጉትን በቁጥር ካልነገራችሁ፣ አለቃ በግምት ከሚገባው በላይ ይፈራል።

ልጃችሁ ከሆነ ታማሚው፣ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ሦስት ነገር ንገሩ፦ ክፍል ውስጥ ቢበላ አይከልከል፣ ሽንት ቤት ሲጠይቅ ይፈቀድለት፣ «ወረደብኝ» ሲል ብቻውን ወደ ቤት አይላክ። የመጨረሻውን ደግማችሁ ንገሩ። መንገድ ላይ የወደቀን ልጅ ማን ያየዋል?

ደረጃ 8፦ ጾም፣ ጠበልና የንስሐ አባት

ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ሐኪማችሁ ያላችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፦ «አባ፣ ጠዋት መርፌ ወግቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ ብቆይ ስኳሬ ይወርዳል ብለውኛል።» ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታደርገውን እሳቸው ያውቃሉ። ሳይናገሩ መርፌውን ወግቶ መጾም፣ ወይም ለመጾም ብሎ መርፌውን መዝለል፣ ሁለቱም አደጋ ነው። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼም ከረመዳን ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ቁርአን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንደሰጠ ታውቃላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠበል ስትጠመቁ መድኃኒት አታቋርጡ። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። አብሯችሁ ለሚሰነብተው ሰው «መርፌዬን ሳላቋርጥ ነው የምጠመቀው» ብላችሁ ገና ስትነሱ ንገሩ። እዚያ ደርሳችሁ፣ ሰው ከቧችሁ፣ ያንን ለማስረዳት አቅም አይኖራችሁም።

ለከተራና ለጥምቀትም እንዲሁ። ታቦት አጅቦ እስከ ቀሐ መሄድ፣ ብዙ ሰዓት ቆሞ ማደር፣ ሕዝቡ እንደዚያ ታጭቆ። ከሚያውቅላችሁ ሰው ጋር ተያይዛችሁ ሂዱ። ስኳሩን በነጠላው ጫፍ ቋጥሩት፤ ቦርሳ በግርግር ይጠፋል።

ደረጃ 9፦ ለምትጋቡት ሰው

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ንገሩ። ከቀለበት በኋላ የተሰማ እንደሆነ፣ የሚያጣላው ስኳሩ ሳይሆን መደበቁ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከነገራችሁ በኋላ በቀጠሮ ቀን አብራችሁ ሂዱ። የቀረውን ጥያቄ ሐኪሙ ይመልሰዋል፣ እናንተም ጠበቃ ከመሆን ታርፋላችሁ።

«ልጅ ይወለዳል ወይ?» ይጠየቃል። ይወለዳል። ታማሚዋ ሴቷ ከሆነች፣ ከእርግዝና በፊት ስኳሯ በደንብ መስተካከል አለበት፤ ስለዚህ ቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ዓይነት 1 ካለባቸው ወላጆች የሚወለዱ ልጆች አብዛኞቹ አይያዙም። ዓይነት 2 በቤተሰብ የመሄድ ነገሩ ይበረታል፤ ልጆቹ ከፍ ሲሉ መመርመር ይኖርባቸዋል።

የተለመዱ ስህተቶች

*በቀልድ መሸፈን።* «እኔማ ጣፋጭ ነኝ» ብሎ መሳቅ። ያ ሰው ቀልዱን ይዞ ይሄዳል፣ ስኳሩ የት እንዳለ አያውቅም።

*ሁሉንም በአንድ ቀን መናገር።* ስለ ኩላሊት፣ ስለ ዓይን፣ ስለ እግር አንድ ላይ የሰማ ሰው ከዚያ ሁሉ የሚይዘው ፍርሃቱን ነው።

*ሚስጥር ይሁን ሳይሉ መተው።* ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለሌላ እንዳይነገር ከፈለጋችሁ፣ ከመናገራችሁ በፊት «ይህ በእኔና በአንቺ መካከል ይሁን» በሉ። ሲያበቃ ሳይሆን ሲጀመር።

*ከመድኃኒት ነጋሪ ጋር መከራከር።* ወሬው ሲሰማ «እገሌን ያዳነው ቅጠል አለ» የሚል አይጠፋም። በፍቅር ነው የሚለው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሐኪሜን ሳልጠይቅ ምንም አልወስድም» በሉና ወሬ ቀይሩ። አንዳንዱ ቅጠል ከመድኃኒት ጋር ተደርቦ ስኳር ሊጥል፣ አንዳንዱም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

*ለመንገድ ሰው አለመናገር።* ወደ መተማ በአውቶቡስ ስትወርዱ ሙቀቱ ኢንሱሊን ያበላሻል። ቦርሳችሁን ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወይም ሞተሩ አጠገብ እንዳያስቀምጠው «መድኃኒት ነው፣ እኔው እይዘዋለሁ» በሉት። አጠገባችሁ ለተቀመጠውም ያችኑ አጭር ንግግር በሉለት። ስሙን ባታውቁትም መንገዱን ሁሉ አብሯችሁ ነው።

ደረጃ 10፦ ከወር በኋላ

የነገራችሁትን ሰው እንደገና ጠይቁት፦ «ስኳሬ የት ነው ያለው?» ወዲያው ካልመለሰ ደረጃ 5ን ድገሙ። ሥራ ከቀየራችሁ፣ ቤት ከለቀቃችሁ፣ የዶርም ልጅ ከተቀየረች፣ የደረጃ 3ን ወረቀት እንደ አዲስ ጻፉ። በዚያው ፌስታሉንም ፍቱና እዩት። በክረምት ስኳሩ ይረጥብና ድንጋይ ይሆናል፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ አይሰበርም። ረጥቦ ከሆነ ደፍታችሁ አዲስ ቋጥሩ።